የትንሿ ከተማ መጠጥ ቤት በአስፈሪ ታሪክ፦ መሸሸጊያ ወይስ የክፋቱ ምንጭ?

መሸሸጊያ ከሆነ ሥራው ይቀላል። የከተማው ሰው እዚያ ስለሚሰበሰብ ገጸ ባሕርያቱን በአንድ ምሽት ማስተዋወቅ ይቻላል፤ ፍርሃቱም ከተቆለፈው በር ውጭ ይሆናል። ችግሩ፣ በሩ እንደሚሰበር አንባቢ አስቀድሞ ያውቃል።

የክፋቱ ምንጭ ከሆነ ብዙ ገጽ ይጠይቃል። ቤቱ መጀመሪያ መወደድ አለበት። አስተናጋጇ የእያንዳንዱን ደንበኛ መጠጥ ሳትጠይቅ ትቀዳለች። አንድ ምሽት ግን፣ ከተቀበረ ሳምንት ያለፈው ሰው ይቀመጥበት በነበረው ቦታ ብርጭቆ ሞልታ ታስቀምጣለች፤ ማንም አይገረምም። እኔን ከጭራቅ ይልቅ የሚያስፈራኝ ይህ የደንበኞቹ ዝምታ ነው። ምክንያቱን ቶሎ ማብራራት ግን ሁሉንም ያበላሸዋል።

ድርጊቱ በአንድ ሌሊት ለሚያልቅና ብዙ ሰው ለሚሳተፍበት ታሪክ መሸሸጊያው ይስማማል። ባለታሪኩ ለከተማዋ እንግዳ ከሆነና ጥርጣሬው ቀስ በቀስ የሚያድግ ከሆነ ሁለተኛው ይሻላል።