ለቶስካና የወይን ኮረብታዎች የትኛው ብስክሌት ይሻላል?

ብስክሌት ሊገዛ ሱቅ የገባ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ነገር ይታወቃል። ብድግ አድርጎ ይመዝነዋል። ካርቦን ነው አሉሚኒየም? ስንት ኪሎ ነው? ለሜዳ መንገድ ይህ ጥያቄ ያስኬድ ይሆናል። በጣሊያን፣ በፍሎረንስና በሲየና መካከል ላሉት የኪያንቲ የወይን ኮረብታዎች ግን ቅደም ተከተሉ ሌላ ነው። መጀመሪያ ማርሹ፣ ቀጥሎ ጎማው፣ ከዚያ ፍሬኑ። ፍሬሙ መጨረሻ ይምጣ። አራት ዓይነት ብስክሌቶችን የማወዳድረው በዚህ ሚዛን ነው፦ ግራቭል (ቆልማማ መሪና ሰፊ ጎማ ያለው፣ ለኮረኮንች የተሠራ ብስክሌት)፣ ሰፋ ያለ ጎማ የሚይዝ የአስፋልት ብስክሌት፣ የተራራ ብስክሌትና ሞተር ያለው ግራቭል።

መጀመሪያ መንገዱ

ኪያንቲ ውስጥ እንደ አልፕስ 20 ኪሎ ሜትር ሙሉ አንድ ወጥ ሆኖ የሚሄድ ዳገት የለም። ሁለት ሦስት ኪሎ ሜትር ትወጣላችሁ፣ ትወርዳላችሁ፣ ትንፋሻችሁ ሳይመለስ ደግሞ ትወጣላችሁ። ራዳና ካስቴሊና የሚባሉት ትንንሽ ከተሞች የተሠሩት ከ500 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው ጉብታ ላይ ስለሆነ ምሳ ለመብላት ወደ ከተማ መግባት ራሱ ዳገት ነው። ከ1997 ጀምሮ ከጋዮሌ ከተማ የሚነሳው የኤሮይካ የብስክሌት ጉዞ ረጅሙ መስመር 209 ኪሎ ሜትር ሲሆን በድምሩ ከ3,500 ሜትር በላይ ያስወጣል። በየ10 ኪሎ ሜትሩ ከ160 ሜትር በላይ መሆኑ ነው።

አስፋልት የሌለው የአካባቢው ነጭ ኮረኮንች መንገድ ሲደርቅ ከሥሩ ጠንካራ ነው፤ ከላዩ ግን ልቅ ጠጠር ተኝቶበታል። የመኪና ጎማ የሚሄድባቸው ሁለት መስመሮች ተጠርገው ንጹሕ ይሆናሉ፤ ጠጠሩ መሐልና ጠርዝ ላይ ይከመራል። ኩርባ ላይ ከአንዱ መስመር ወደ ሌላው ስትሻገሩ የፊት ጎማው በዚያ ክምር ውስጥ ያልፋል። ብስክሌት የሚከዳው እዚህ ጋ ነው። ከሲየና ወደ ደቡብ ምሥራቅ፣ ክሬቴ ሴኔዚ በሚባለው አካባቢ ደግሞ መሬቱ ሸክላ ነው። ዝናብ ሲነካው ጎማው ላይ እየተለጠፈ ከፍሬሙ ጋር እስኪያጣብቀው ይወፍራል።

ማርሽ፦ ትንሽ ሒሳብ

አስፋልት ላይ ዳገት ሲከብድ ሰው ከኮርቻው ብድግ ይልና ቆሞ ይረግጣል። ልቅ ጠጠር ላይ ይህ አይሠራም። ስትቆሙ ክብደታችሁ ከኋላ ጎማው ላይ ይነሳል፤ ጎማው ባዶውን ይሽከረከርና ትቆማላችሁ። እንደገና መነሳት ደግሞ የበለጠ ይከብዳል። ስለዚህ ዳገቱን ተቀምጣችሁ መጨረስ አለባችሁ፤ ለዚህም ቀላል ማርሽ የግድ ነው።

እናስላው። እናንተ፣ ብስክሌቱና ቦርሳው በአንድ ላይ 85 ኪሎ ናችሁ እንበል። ዳገቱ 12 በመቶ ነው። 200 ዋት ጉልበት ብታወጡ፣ ይህም ለብዙ ሰው ቀላል አይደለም፣ ፍጥነታችሁ በሰዓት ከ7 ኪሎ ሜትር አያልፍም። ፊት 40 ጥርስ፣ ኋላ ትልቁ 44 ጥርስ የሆነ ግራቭል ላይ ከሆናችሁ ፔዳሉን በደቂቃ 57 ጊዜ ያህል ታዞራላችሁ። ኋላ 51 ቢሆን 66 ጊዜ ይሆናል። ልዩነቱ ወረቀት ላይ ትንሽ ይመስላል። ከሰዓት በኋላ ግን፣ የቀኑ ስድስተኛ ዳገት ላይ፣ ጉልበታችሁ ወደ 150 ዋት ሲወርድ፣ 40 በ44 የሆነው ማርሽ በደቂቃ 43 ላይ ያስቀራችኋል። ያ ብስክሌት መንዳት ሳይሆን ደረጃ መውጣት ነው፤ የጉልበት መገጣጠሚያ ላይም የሚያርፈው ጫና ከባድ ነው።

ግራቭል፦ ፊት አንድ ወይስ ሁለት?

ለዚህ አገር መደበኛው ምርጫ ግራቭል ነው። ክርክሩ ፊት አንድ ማርሽ ይኑረው ወይስ ሁለት የሚለው ነው።

ፊት አንድ ብቻ ያለው ቀላል ነው። የፊት ማርሽ ቀያሪ ስለሌለው ጭቃ የሚይዝበት ቦታ ይቀንሳል፤ ካቴናውም ቁልቁለት ላይ ሲንገጫገጭ በቀላሉ አይወልቅም። ጉድለቱ በማርሾቹ መካከል ያለው ርቀት ሰፊ መሆኑ ነው። ረጅም አስፋልት ላይ አንዱ ሲከብዳችሁ ቀጣዩ ይቀልባችኋል።

ፊት ሁለት ያለው፣ ለምሳሌ ሺማኖ ጂአርኤክስ በተባለው የግራቭል ዕቃው ያቀረበው 46 እና 30 ጥርስ፣ እርምጃው ጠበብ ያለ ነው። 30 ፊት ከ34 ኋላ ጋር ሲገናኝ ከ40 በ44 ትንሽ ይቀላል። ኋላውን 36 ካደረጋችሁት የበለጠ ይቀላል። ነገር ግን የሚስተካከል ዕቃ ይጨምራል፤ የክሬቴ ሴኔዚን ጭቃም አይወደውም።

የእኔ ፍርድ ይህ ነው። ብስክሌቱ በዋናነት ለኮረኮንችና ለዳገት ከሆነ ፊት አንድ፣ ኋላ እስከ 51 የሚደርሰውን ውሰዱ። ሺማኖ በ2023 ያወጣው ባለ 12 ማርሽ ጂአርኤክስ ይህን ይሰጣል። በዓመቱ አብዛኛውን ጊዜ አስፋልት ላይ የምትነዱበት ከሆነ ሁለቱ ይሻላችኋል። የወደዳችሁት ብስክሌት 40 በ44 ብቻ ሆኖ ቢቀርብ ተስፋ አትቁረጡ። የፊቱን ባለ 40 ጥርስ ወደ ባለ 36 ማስቀየር ትልቅ ወጪ አይደለም፤ ዳገት ላይ ግን ውድ ፍሬም ከሚሰጣችሁ እፎይታ ይበልጣል። ከመክፈላችሁ በፊት ሻጩን ጠይቁት።

የአስፋልት ብስክሌት፦ ፕሮፌሽናሎቹን አይታችሁ አትወስኑ

በ2007 የተጀመረውንና በዚሁ ነጭ ኮረኮንች ላይ የሚካሄደውን የስትራዴ ቢያንኬ ውድድር ያየ ሰው ሁሉም በአስፋልት ብስክሌት ሲነዱ ያያል። ታዴይ ፖጋቻር በ2024 ሲያሸንፍ 81 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻውን የነዳው በዚሁ ዓይነት ብስክሌት ነው። እውነት ነው፣ ይቻላል። እነሱ ግን ሻንጣ አይዙም፤ ጎማ ቢፈነዳ ከኋላቸው የቡድን መኪና አለ፤ እግራቸውም የእነሱ ነው።

ብዙ የአስፋልት ብስክሌቶች ከ32 ወይም ከ35 ሚሊ ሜትር በላይ ጎማ አያስገቡም። በጣም ቀላሉ ማርሻቸውም ብዙውን ጊዜ 34 በ34 ነው፤ በዚያ ባለ 12 በመቶ ዳገት ላይ በ200 ዋት እንኳ በደቂቃ 52 ላይ ያስቀራችኋል። ይህን ብስክሌት አስቀድማችሁ ካላችሁ፣ ወቅቱ ደረቅ ከሆነና መስመራችሁ አብዛኛው አስፋልት ከሆነ ይዛችሁት ሂዱ። ለዚህ ጉዞ ብላችሁ ግን አዲስ አትግዙ።

የተራራ ብስክሌት፦ ያለ አግባብ የሚናቅ

ፊቱ ላይ ብቻ አሞርዛተር ያለው ማውንቴን ለዚህ አገር ብዙዎች ከሚያስቡት በላይ ይስማማል። ማርሹ 32 በ51 ሊሆን ይችላል። ከግራቭሉ ጋር የማይወዳደር ቀላል ነው፤ በ150 ዋት እንኳ በደቂቃ 60 ገደማ እያዞራችሁ ትወጣላችሁ። ቀጥ ያለው መሪ ሰፊ ነው፤ ከ50 ሚሊ ሜትር በላይ የሆነው ጎማም ያንን የጠጠር ክምር ሳይርበተበት ያልፈዋል። ቁልቁለት ለሚፈራ ሰው ይህ ብስክሌት መድኃኒት ነው።

የሚያስከፍላችሁ አስፋልት ላይ ነው። ነፋስ ሲመጣ ጎንበስ ብላችሁ የምትይዙት ዝቅ ያለ መሪ የለውም፤ ሰዓታት በሄዱ ቁጥርም እጅ የሚቀያየርበት ቦታ ያጣል። በቀን እስከ 50 ኪሎ ሜትር ለሚያስብ ሰው ግን በደንብ ይበቃል። እቤት ካለ ጎማውን ጥርሱ ዝቅ ባለ ጎማ ቀይሩና ገንዘባችሁን ለጉዞው አቆዩት።

ሞተር ያለው ግራቭል

የአቅም ልዩነት ላላቸው ጥንዶችና ጓደኛሞች ከዚህ የተሻለ መፍትሔ አላውቅም። አንዱ ዳገቱ ጫፍ ላይ ቆሞ ሌላውን መጠበቁ ይቀራል። በአውሮፓ ሕግ ሞተሩ እስከ 250 ዋት ሲሆን ፍጥነቱ በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ሲደርስ እገዛው ይቋረጣል። ኮረብታ ላይ ያ ገደብ ብዙም አይሰማም፤ ሜዳ ላይ ግን ከ13 እስከ 17 ኪሎ የሚመዝነውን ብስክሌት በራሳችሁ እግር ትገፉታላችሁ።

ባትሪውን በኪሎ ሜትር አትለኩት። በዳገት ለኩት። እናንተና ብስክሌቱ በድምሩ 95 ኪሎ ብትሆኑ፣ ያንን ወደ 1,000 ሜትር ከፍታ ለማውጣት ብቻ 260 ዋት ሰዓት ገደማ ያስፈልጋል። ግማሹን እናንተ፣ ግማሹን ሞተሩ ቢሠራው፣ የሚባክነው ተጨምሮ ባትሪው 170 ያህል ይሰጣል። ስለዚህ 250 ዋት ሰዓት ያለው ባትሪ ለመጠነኛ ቀን ይበቃል። ለረጅም ቀን 400 ያለውን ፈልጉ።

አንድ ትልቅ ነገር አለ፦ ከ160 ዋት ሰዓት በላይ የሆነ ባትሪ በመንገደኛ አውሮፕላን አይጫንም። በአውሮፕላን የምትሄዱ ከሆነ ይህን ዓይነቱን እዚያው ተከራዩ።

ጎማና ፍሬን

በግራቭል ላይ 40 ሚሊ ሜትር ዝቅተኛው፣ 45 የተመቸው ነው። ከመነዳሪ የሌለውን ቱብለስ ምረጡ። ነፋሱን ዝቅ አድርጋችሁ፣ 75 ኪሎ ለሆነ ሰው በ45 ጎማ ከ2 እስከ 2.5 ባር ገደማ፣ መንዳት ያስችላል። ጎማው በደንብ ሲተኛ ጠጠሩን ይይዛል። በጎማውና በፍሬሙ መካከል ጣት የሚያስገባ ክፍተት መኖሩንም እዩ፤ የዝናብ ቀን ጭቃ መውጫው እሱ ነው።

ፍሬን የዘይት ዲስክ ይሁን። የገመድ ፍሬን ያለው ብስክሌት ይረክሳል፤ ነገር ግን በሚንገጫገጭ ቁልቁለት ላይ ደጋግሞ መጭመቅ ጣት ያደነዝዛል። የደነዘዘ ጣት ደግሞ ፍሬን በሰዓቱ አይዝም። ከካርቦን ፍሬምና ከዘይት ፍሬን አንዱን ብቻ የሚያስመርጥ በጀት ካላችሁ፣ ያለ ማመንታት አሉሚኒየሙን ከዘይት ፍሬን ጋር ውሰዱ።

ወይን ቅምሻውን ቀኑ ሲያልቅ አድርጉት። የጣሊያን ሕግ በደም ውስጥ በሊትር 0.5 ግራም አልኮል ያለፈን ነጂ ይቀጣል፤ ሕጉ ብስክሌተኛውንም ይጨምራል። ለኪራይ ስትጽፉ ደግሞ «ግራቭል አላችሁ?» ብላችሁ አታቁሙ። ፊትና ኋላ ስንት ጥርስ እንዳለው፣ ጎማው ስንት ሚሊ ሜትር እንደሆነ ጠይቁ። ቁጥሩን በጽሑፍ ካልላኩላችሁ ሌላ አከራይ ፈልጉ። ፔዳላችሁንና የለመዳችሁትን ኮርቻ ግን ከቤት ያዙ።