ቱዊንኪን ቀምሼዋለሁ፤ ስማቸው ስለጠፋው ሠራተኞችም እናገራለሁ

በምሠራበት ነዳጅ ማደያ ቱዊንኪ የሚደረደረው ከሒሳብ መቀበያው አጠገብ ነው። በአንድ ላስቲክ ሁለት ቢጫ ኬኮች፣ ውስጣቸው ነጭ ክሬም። ጫን ሲሉት እንደ ስፖንጅ ተመልሶ ይነፋል። ስኳሩ ይበዛል፤ ከመራራ ቡና ጋር ግን ጥሩ ነው።

አንዳንድ ደንበኛ ኬኩን እያነሳ "ይሄን ድርጅት የሠራተኛ ማኅበሩ ነው ያከሰረው" ሲል በጣም ያናድደኛል። የቱዊንኪ አምራች የነበረው የአሜሪካው ኩባንያ ሆስተስ በ2004 እ.ኤ.አ. አንዴ፣ በጃንዋሪ 2012 ደግሞ ለሁለተኛ ጊዜ፣ ዕዳው ሲከብደው ከፍርድ ቤት የኪሳራ ጥበቃ ጠይቋል። የጋጋሪዎቹ አድማ የመጣው በኖቬምበር 2012 ነው! ከዚያ በፊት በ2011 ኩባንያው ለጡረታቸው የሚያዋጣውን ገንዘብ አቁሞ ነበር። ጡረታው ተነክቶበት ዝም የሚል ማን ነው? ድርጅቱ ሲዘጋ 18,500 ያህል ሠራተኛ ተበተነ፤ ፍርድ ቤቱ ግን ለ19 ኃላፊዎች እስከ 1.8 ሚሊዮን ዶላር ቦነስ ፈቀደ። ጥፋቱን ተሸከሙ የተባሉት ምድጃ ላይ የቆሙት ናቸው።

በጁላይ 2013 ኬኩ በአዲስ ባለቤቶች ተመልሶ መደርደሪያ ላይ ወጣ። ልጆች ይወዱታል። ለቁርስ ግን አልመክርም፤ ከሰዓት በኋላ ከቡና ጋር አንዱ ይበቃል።