የገበያ ማዕከል ማስፋፊያ የአካባቢ ተጽዕኖ ሪፖርት፦ ከጎረቤት አጥር ሲታይ

አዲስ አበባ ውስጥ አንድ የገበያ ማዕከል ጎኑ ላይ ሌላ ሕንፃ ሊጨምር ሲነሳ ባለቤቱ አማካሪ ቀጥሮ የአካባቢ ተጽዕኖ ጥናት ያሠራል። ነዋሪው ደግሞ ወረዳ አዳራሽ ተጠርቶ የጥናቱን ማጠቃለያ ይሰማል። እዚህ የምንመዝነው ያንን ሰነድ ነው። ክፍያው የባለሀብቱ ቢሆንም ከውጤቱ ጋር የሚኖረው ጎረቤቱ ስለሆነ፣ ሚዛኑም የጎረቤቱ ሊሆን ይገባል።

ሕጉ ጥሩ ነው። አዋጅ ቁጥር 299/1995 ጥናቱ የሚለቀቀውን በካይ ነገር ዓይነትና መጠን፣ የኃይል ምንጩን፣ ተጽዕኖው የሚቆይበትን ጊዜና የመከላከያ እርምጃውን እንዲይዝ፣ ለሕዝብም ክፍት እንዲሆን ያዛል። ስለ አቧራና ስለ ሠራተኛ ደህንነት የሚጻፉት ምዕራፎችም ብዙ ጊዜ ደህና ናቸው። ችግሩ ቁጥሮቹ የቀን ድምርና አማካይ ሆነው መቅረባቸው ላይ ነው። ጎረቤት የሚጎዳው በተወሰነ ሰዓትና በተወሰነ ርቀት ላይ ነውና።

ፓርኪንጉን እንውሰድ። ሰነዱ «ይህን ያህል መኪና ይይዛል» ይላል፤ መንገዱን የሚዘጋው ግን በሩ ነው። ጥበቃው ታርጋ ጽፎ ካርድ እስኪሰጥ 20 ሰከንድ ከፈጀ፣ አንድ በር በሰዓት የሚያስገባው 180 መኪና ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በአንድ ሰዓት ውስጥ 240 ቢመጡ 60ው ውጭ ይቀራሉ። ለእያንዳንዱ 6 ሜትር ብንሰጠው ሰልፉ 360 ሜትር ይሆናል፤ የሰፈሩን መግቢያ አልፎ ይሄዳል ማለት ነው። ለዚህ ሁለት ቤዝመንት መጨመር ምንም አይፈይድም። የሚረዳው ሁለተኛ በር መክፈት፣ ወይም ካርድ መስጫውን 50 ሜትር ያህል ወደ ውስጥ ማስገባት ነው፤ ስምንት መኪና ከመንገድ ይነሳል። ሌላም አለ፦ ማስፋፊያው ብዙ ጊዜ የሚያርፈው በነባሩ ፓርኪንግ ላይ ስለሆነ፣ ግንባታው እስኪያልቅ እነዚያ መኪኖች የት ይቆማሉ? መልሱ በካርታ ላይ ካልተመለከተ፣ የሚቆሙት በእናንተ በር ላይ ነው።

ከሁሉ የሚያሳስበን የጄኔሬተሩ ጉዳይ ነው። «ድምፅ አልባ» ተብሎ የሚሸጠው ሽፋን ያለው ጄኔሬተር በ7 ሜትር ርቀት 75 ዴሲቤል (የድምፅ ኃይል መለኪያ) ገደማ ያሰማል። በአየር ላይ ርቀቱ እጥፍ በሆነ ቁጥር 6 ዴሲቤል ይቀንሳል፤ በ14 ሜትር 69፣ በ28 ሜትር 63 ማለት ነው። በአገራችን ለመኖሪያ ሰፈር የተቀመጠው ጣሪያ በቀን 55፣ ከምሽቱ 3 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ደግሞ 45 ዴሲቤል ነው። በባዶ ሜዳ 45 ላይ ለመድረስ 220 ሜትር ያህል መራቅ ያስፈልጋል፤ ይህን ያህል ቦታ ያለው የከተማ ሰፈር ደግሞ የለም። ስለዚህ ማሽኑ ድምፅ በሚውጥ ክፍል ውስጥ መግባት አለበት፤ የጭስ ቱቦውም ድምፁ በደንብ ታፍኖ ከጣሪያ በላይ መውጣት እንጂ ወደ አጥር መዞር የለበትም። ተመሳሳይ ሁለተኛ ጄኔሬተር ጎኑ ሲቆም 3 ዴሲቤል ይጨመራል። ሰነዱ ማሽኑ ከቅርቡ መኝታ ቤት ስንት ሜትር እንደሚርቅ ካልጻፈ ስለ ድምፅ የተጻፈው ሁሉ ዋጋ የለውም። የሕፃናትና የሕመምተኞች እንቅልፍ «በተቻለ መጠን ይቀነሳል» በሚል ሐረግ አይጠበቅም።

ቁፋሮው ላይ ሁለት ቤዝመንት ማለት 7 ሜትር ገደማ ጥልቀት ነው። ቦሌና አቃቂ አካባቢ የሚበዛው ጥቁር አፈር ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ቀጥ ብሎ የተቆረጠ አፈር ያለ ሾሪንግ (የአፈር መደገፊያ) ክረምት ከገባበት አጥሩን ይዞት ሊወርድ ይችላል። ሰነዱ ቁፋሮው ከመስከረም በኋላ ተጀምሮ የመከላከያ ግንቡ ከሰኔ በፊት እንዲያልቅ ማስገደድ ነበረበት። ነዋሪው በበኩሉ ቁፋሮ ሳይጀመር የቤቱን ግድግዳ እያንዳንዱን ስንጥቅ ማስመሪያ አስደግፎ ፎቶ ያንሳ፤ ተቋራጩም ቀን ያለበት ፊርማ ያኑርበት። ስንጥቁ ላይ የተለጠፈ ቀጭን ጀሶ በኋላ ከተሰነጠቀ ግድግዳው እየተንቀሳቀሰ ነው። ይህ ማስረጃ ከሌለ «ድሮም የተሰነጠቀ ነበር» ለሚለው ክርክር መልስ አይገኝም።

ፍሳሹ ላይ ሁለት ነገር ይጠየቅ። የምግብ ቤቶቹ ቅባት ማጥለያ በየስንት ቀኑ ይጸዳል? ካልተጸዳ ቅባቱ ቱቦ ውስጥ ይረጋል፤ ማንሆሉም የሚገነፍለው ዝቅ ብሎ ባለው ቤት በኩል ነው። ሁለተኛው የዝናቡ ውሃ ነው፦ 1,000 ካሬ ሜትር አፈር በኮንክሪት ሲሸፈን 30 ሚሊ ሜትር ዝናብ 30 ሜትር ኪዩብ ውሃ ይሆናል፣ ከሞላ ጎደል ሁሉም ወደ ውጭ ይፈሳል። የሚይዘው ታንከር በዲዛይኑ ላይ ሊታይ ይገባል።

ጥላው ብዙም አይወሳም። 30 ሜትር ከፍታ ያለው ሕንፃ በታኅሣሥ እኩለ ቀን ወደ ሰሜን 19 ሜትር፣ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ደግሞ ወደ ሰሜን ምዕራብ 50 ሜትር ያህል ጥላ ይጥላል። ጣሪያቸው ላይ የፀሐይ ውሃ ማሞቂያ ያላቸው ይህን አስቀድመው ያስለኩ።

ስብሰባው ላይ የመገኘት ፊርማ እንደ ስምምነት እንዳይቆጠር ከፊርማው ጎን «አስተያየቴ በጽሑፍ ቀርቧል» ብሎ መጻፍ ይበጃል። አስተያየቱ ቃለ ጉባኤ ላይ ሰፍሮ ቅጂው በእጅ ይግባ። ውሳኔው ካላረካ አዋጁ ለአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ቅሬታ ማቅረብ ይፈቅዳል፤ ምላሹ በ30 ቀን ውስጥ እንዲሰጥም ያዛል። ቅሬታው ላይ የሚጠየቀው ግልጽ ይሁን፦ ጄኔሬተሩ በተተከለ በመጀመሪያው ወር፣ ከሌሊቱ 6 ሰዓት፣ በነዋሪው አጥር ላይ ነዋሪው ባለበት ይለካ፤ ከ45 ዴሲቤል ካለፈ እስኪስተካከል ሌሊት አይነሳ።