ጥቁር ሱፍ ወይን ጠጅ ሆኖ ሲወጣ፦ የኢንፍራሬድ ማገጃ ፊልተሬ

ባለፈው ጥር የአንድ ሰርግ ፎቶ አነሳሁ። ቦታው ጣና ዳር፣ ደንገሉ አጠገብ ነው። አራት ሚዜዎች ነበሩ፤ አራቱም ጥቁር ሱፍ ለብሰዋል። አልበሙን ላስረክብ ስሄድ የሙሽራው እናት አንድ ገጽ ላይ ቆሙ። «ልጄ፣ የልጆቹ ሱፍ ጥቁር አልነበረም እንዴ? ይሄ ወይን ጠጅ ከየት መጣ?» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። የሙሽራው ሱፍ ጥቁር ነው፤ የሚዜዎቹ ግን ወይን ጠጅ ሆኗል። ኤዲት ሳደርግ አይቼው፣ የኮምፒውተሬ ስክሪን ነው ብዬ አልፌው ነበር። ያ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ቤት ገብቼ ላስተካክለው ሞከርኩ። ወይን ጠጁን ስቀንስ የሙሽሪት ከንፈር አብሮ ደበዘዘ፤ የሰዉ ፊት ወደ አረንጓዴ አደላ። ሱፉን ብቻ እየለዩ ማስተካከል ይቻላል፤ ግን ለስንት ፎቶ? ዋና ዋናዎቹን ገጾች አንድ በአንድ ሠርቼ በራሴ ወጪ በድጋሚ አሳተምኩ። ከዚያ ነገሩን ከሥሩ ለማወቅ ተነሳሁ።

የካሜራ ሴንሰር፣ ብርሃኑን ተቀብሎ ወደ ፎቶ የሚቀይረው ክፍል፣ የሚሠራው ከሲሊከን ነው። ዓይናችን የሞገድ ርዝመቱ ከ400 እስከ 700 ናኖሜትር ገደማ የሆነውን ብርሃን ያያል። ሲሊከን ግን እስከ 1100 ገደማ ድረስ ይቀበላል። ከ700 በላይ ያለው ኢንፍራሬድ ነው፤ ትምህርት ቤት ታህተ ቀይ ሲሉን የነበረው። አምራቾቹ ይህን ስለሚያውቁ ሴንሰሩ ፊት ማገጃ ያስቀምጣሉ። የአንዳንድ ካሜራዎች፣ በተለይ የቆዩት፣ ማገጃ ግን ደካማ ነው። ብዙ ሰው ሠራሽ ጨርቅ ደግሞ ለዓይን ጥቁር ሆኖ ኢንፍራሬዱን ያንጸባርቃል። ካሜራው ያንን ወይን ጠጅ አድርጎ ያወጣዋል። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው ላይካ ኤም8 የተባለ ካሜራ ይኸው ችግር ነበረበት፤ ኩባንያው ለገዢዎች ሁለት ሁለት ማገጃ ፊልተር በነጻ ሰጥቷል። ይህን ሳነብ ቀለል አለኝ። የእጄ ስህተት አልነበረም።

የናንተን ካሜራ ለመፈተን የቲቪ ሪሞት ይበቃል። ክፍሉን አጨልሙ፣ ሪሞቱን ወደ ሌንሱ አዙሩና ቁልፉን ተጭናችሁ ካሜራው ሁለት ሦስት ሰከንድ ብርሃን እንዲቀበል አድርጋችሁ አንሱ። የሪሞቱ መብራት ቦግ ብሎ ከታየ ማገጃው ደካማ ነው። የኔ እንደ ባትሪ በራ።

ሌንሱ ፊት የሚገጠመውን ማገጃ ፊልተር ውጭ አገር ያለ የአክስቴ ልጅ አመጣልኝ። የአንድ ሰርግ ቀብድ ሙሉውን በላ። ቀጥ አድርጋችሁ ስታዩበት እንደ ተራ መስታወት ንጹሕ ነው። ዘንበል ስታደርጉት ግን ወደ ውሃ ሰማያዊ ይቀየራል። ይህን ልብ በሉ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

መጀመሪያ ያደረግኩት ከሚዜዎቹ አንዱን መለመን ነበር። ጎረቤቴ ነው። ያንኑ ሱፍ ለብሶ ያው ደንገል አጠገብ ቆመልኝ። በ50 ሚሊሜትር ሌንስ ያለ ፊልተር አነሳሁት፤ ወይን ጠጅ። ፊልተሩን ገጠምኩ፤ ጥቁር! ድቅድቅ ያለ ጥቁር። ያልጠበቅኩት ደግሞ ሳሩና ደንገሉ ነው። ቅጠል ኢንፍራሬድን በጣም ያንጸባርቃል፤ ለካ እስከዛሬ አረንጓዴዬ ሁሉ ወደ ቢጫ ያደላ ኖሯል። ለካሜራው አዲስ ዓይን የገዛሁለት ያህል ተሰማኝ።

መስከረም ላይ ውሃው ሞልቶ ሳለ ጢስ ዓባይ ወረድኩ። ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ፏፏቴውን ለብዙ ሰከንድ አንስቼ እንደ ጉም ለማለስለስ ብርሃኑን 1000 ጊዜ ገደማ የሚቀንስ ኤንዲ ፊልተር እጠቀማለሁ። ብዙዎቹ ኤንዲዎች የሚታየውን ብርሃን ይከለክላሉ እንጂ ኢንፍራሬዱን አይከለክሉም። ስለዚህ በሚቀረው ብርሃን ውስጥ ኢንፍራሬዱ ይበዛል። ጥቁሩ ድንጋይ ቀይ ቡኒ ሆኖ የሚወጣው ለዚህ ነው። አዲስ ካሜራ የያዛችሁም ከዚህ አታመልጡም። ማገጃውን ስደርብበት ድንጋዩ ወደ ራሱ ቀለም ተመለሰ። ከ20 ሰከንድ በኋላ ስክሪኑን ሳይ ደስታዬን የምነግረው ሰው ፈለግኩ። ፍንጣቂው ግን አያስቀምጥም፤ ለስላሳ ጨርቅ ይዛችሁ ሂዱ።

አሁን ወደ እንከኑ። በ18 ሚሊሜትር ሌንስ ሐይቁን ከነሰማዩ አነሳሁ። መሃሉ ጥሩ ነው፤ አራቱ ማዕዘኖች ግን ውሃ ሰማያዊ ሆኑ። እንዲህ ሰፊ ቦታ በሚያሳይ ሌንስ ከዳር የሚመጣው ብርሃን መስታወቱን በሰያፍ ነው የሚያልፈው፤ ያኔ ፊልተሩ ከኢንፍራሬዱ ጋር ቀዩንም መቁረጥ ይጀምራል። ዘንበል ሳደርገው ያየሁት ቀለም ይኸው ነው። ለሰፊ ሌንስ አልመክረውም።

ዘጌ፣ ኡራ ኪዳነ ምሕረት፣ አስፈቅጄ የአንድ አባትን ፎቶ አነሳሁ። ብርሃኑ ጧፍ ብቻ ነው። ጧፍ ደግሞ አብዛኛው ብርሃኑ ኢንፍራሬድ ስለሆነ ፊልተሩ ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው እዚያ ነበር። ካባቸው ጥቁር ሆኖ ወጣ። ግን ከእያንዳንዱ ነበልባል ትይዩ ሌላ የደበዘዘ ነበልባል ታየ፤ መስታወቱ የሚመልሰው ነጸብራቅ ነው። ፊልተሩን ባወልቀው ካባው ወይን ጠጅ ይሆናል። በመጨረሻ «አባ፣ ትንሽ ወደዚህ ይጠጉልኝ» አልኩና ጧፉን ከፍሬም አስወጣሁት። እንደዚያ ተገላገልኩ።

የምትገዙ ከሆነ አፉ ትልቅ በሆነው ሌንሳችሁ ልክ ግዙ፤ ለትንንሾቹ በርካሽ የሚገኝ ማገናኛ ቀለበት ይበቃል። ካሜራችሁ አዲስ ከሆነና ኤንዲ የማትጠቀሙ ከሆነ ብሩን ለሌላ ነገር አውሉት። የኔው ከ50ው ሌንስ ላይ ወርዶ አያውቅም፤ የፊታችን ጥር ሦስት ሰርግ ይዣለሁ።