ጉትቻው ጥርት፣ ዓይኗ ድብዝዝ፦ ከ8 ወር በኋላ

ካሜራውን ከገዛሁ 8 ወር ሆነኝ። ፉል ፍሬም ዲኤስኤልአር ነው፣ ማለትም ትልቅ ሴንሰር (ብርሃን ተቀባይ) እና ውስጡ መስታወት ያለው፤ ያገለገለ። ስለ ቀለሙና ስለ ባትሪው የምለው የለኝም፤ ይሠራል። የምጽፈው ስለ ጉትቻው ነው።

አንድ ሠርግ ላይ ሙሽራዋን በ85 ሚሊ ሜትር ሌንስ፣ አፐርቸሩን (የሌንሱን ብርሃን ማስገቢያ) እስከ 1.8 ከፍቼ ቀረብ ብዬ አነሳኋት። ፎከሱን ያሳረፍኩት ዓይኗ ላይ ነው፤ እምላለሁ። ማታ ኮምፒውተር ላይ ስከፍተው የጉትቻዋ ዶቃ አንድ በአንድ ይቆጠራል፤ ዓይኗ ግን እንቅልፍ የመጣባት ይመስላል። እናቷ አልበሙን አይተው «ውይ፣ ጉትቻው ሲያምር!» አሉ። እሳቸው ማመስገናቸው ነው።

ሻጩ ምን ነበር ያለኝ? «ወንድሜ፣ የዋጋውን ያህል ነው፤ ይሄ አይስትም።» ቆይ እስቲ። ያ ሁሉ ብር የወጣው ለማግኒዚየም ቦዲው ነው። እሱን አልክድም። ለጥምቀት ጃን ሜዳ ጠበሉ ሲረጭ እኔም እሱም አብረን በሰበስን። ሌንሱን በፌስታል ጠቅልዬ፣ ቦዲውን በነጠላዬ ጠረግ አድርጌ ማንሳቴን ቀጠልኩ።

ፎከስ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ዲኤስኤልአር በቪውፋይንደር (በዓይን ማያ ቀዳዳው) ሲያዩ ፎከሱን የሚለካው ፎቶውን በሚያነሳው ሴንሰር አይደለም፤ ከመስታወቱ በታች ባለች ሌላ ሴንሰር ነው። ሁለቱ ከሌንሱ ያላቸው ርቀት ለአመል ያህል ከተዛነፈ ውዱም ይስታል፣ ርካሹም ይስታል። በሜትር ተኩል ርቀት ደግሞ 85ቱ የሚያጠራው 3 ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። መደበቂያ የለውም።

ቤት ገብቼ አምስት ሲኒ በሰያፍ ደረደርኩ። ሦስተኛው ላይ አነጣጠርኩ፤ አራተኛው ጠራ። በስክሪኑ በኩል፣ በራሱ በፎቶው ሴንሰር እየለካ ሳነሳ ልክ ሦስተኛው ላይ አረፈ፤ ግን ይንቀረፈፋል፣ ሙሽራ ደግሞ ቆሞ አይጠብቅም። ያንኑ ሌንስ የእህቴ ፕላስቲክ ካሜራ ላይ ሰካሁት። ሦስተኛው! በሩብ ዋጋ! ደሜ ፈላ።

ደግነቱ የኔ ሜኑ ውስጥ የፎከስ ማስተካከያ አለ፤ የእህቴ የለውም። ወደ −9 ሳወርደው ሦስተኛው ሲኒ ጠራ። ሻጩ ይሄኔ «ታዲያ የከፈልከው ለዚህም አይደል?» ይለኝ ይሆናል። ነው። ግን ያኔ «አይስትም» አልከኝ እንጂ «ሲስት ታስተካክለዋለህ» መች አልከኝ?

አልሸጠውም፣ ለምጄዋለሁ። ዛሬ ብገዛ ግን በዚያው በፎቶው ሴንሰር የሚለካ ሚረርለስ (መስታወት የሌለው ካሜራ) ነው የምገዛው፤ ቦዲው ፕላስቲክም ቢሆን። ሱቅ የምገባውም አምስት ሲኒ በቦርሳ ይዤ ነው።