ከባሕር ዳር የተለቀመ ፕላስቲክ ተጫምቼና ለብሼ ያየሁት

አዲስ አበባ ያደገ ሰው ባዶ የውኃ ፕላስቲክ ሲያይ፣ ያሸገው ፋብሪካ የትኛውም ይሁን፣ «ሃይላንድ» ማለቱ አይቀርም፤ ሃይላንዱም ዘይት ይቀዳበታል፣ ላምባ ይገዛበታል፣ ሲበቃውም ለቆራሌው ይሰጣል። ስለዚህ ለሩጫ የገዛሁት ጫማ በጥንድ 11 ያህል ጠርሙስ የሚሆን ፕላስቲክ እንደገባበት ለእናቴ በስልክ ስነግራት፣ «ታዲያ ሃይላንድ ተጫምተህ ነው የምትሮጠው?» ብላ መሳቋ አላስገረመኝም። ከመኪና ጎማ የተቆረጠ በረባሶ ተጫምቶ ላደገ ትውልድ፣ ከተጣለ ነገር ጫማ መሥራት ብርቅ አይደለም። አዲሱ ነገር ፕላስቲኩ «ከባሕር የመጣ ነው» መባሉና በዚሁ ስም ዋጋው ከፍ ማለቱ ነው። እኔም እዚህ ፍራንክፈርት ውስጥ እንዲህ ያሉ ሁለት ዕቃዎችን፣ አንድ ጫማና አንድ ጃኬት፣ ከአንድ ዓመት በላይ ተጠቅሜባቸው የታዘብኩትን እጽፋለሁ።

ጫማው አዲዳስ፣ ፓርሊ ፎር ዘ ኦሽንስ ከተባለው የባሕር ጥበቃ ድርጅት ጋር የሠራው አልትራቡስት ነው። የሁለቱ ሥራ ሲጀመር የነበረው ታሪክ በእርግጥም የባሕር ታሪክ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 ኒው ዮርክ በሚገኘው የተባበሩት መንግሥታት ጽሕፈት ቤት ለዕይታ የቀረበው የመጀመሪያው ናሙና የላይኛው ክፍል፣ ሲ ሼፐርድ የተባለው ቡድን ተንደር የተሰኘችውን ሕገ ወጥ የዓሣ ማስገሪያ መርከብ 110 ቀን ሙሉ ሲያሳድድ ከባሕር ካወጣው መረብ በተፈተለ ክር የተሠራ ነበር። ለገበያ የቀረበው ጫማ ግን ሌላ ነው። በኅዳር 2016 (እ.ኤ.አ.) በ220 ዶላር የተሸጡት የመጀመሪያዎቹ 7,000 ጥንዶችም ሆኑ ከዚያ በኋላ በሚሊዮን የሚቆጠሩት፣ ክራቸው የተፈተለው በአብዛኛው እንደ ማልዲቭስ ባሉ ደሴቶችና የባሕር ዳር መንደሮች፣ ማዕበል ሳይወስደው ከተለቀመ ፕላስቲክ ነው። ይህ ነውር አይደለም፤ እንዲያውም ባሕር ከገባ በኋላ ከማሳደድ ሳይገባ መያዝ ይሻላል። ጨውና ፀሐይ ለረጅም ጊዜ ያገኙት ፕላስቲክ ይደክማል፣ ይሰባበራል፤ ጥሩ ክርም አይወጣውም። ሆኖም «የባሕር ፕላስቲክ» የሚለውን ቃል ያነበበ ገዢ በዓይነ ሕሊናው የሚያየው ጠላቂ ዋናተኛ እንጂ በአሸዋ ላይ ጆንያ ይዞ ጎንበስ ቀና የሚል ለቃሚ አይደለም።

በጫማነቱ ግን ቅሬታ የለኝም። በሳምንት ሦስት ቀን በማይን ወንዝ ዳር ሮጬበታለሁ፤ እንደ ሹራብ የተሠራው የላይኛው ክፍል ከእግሬ ጋር ይሳባል፣ ይመለሳል፤ እንደ እኔ መዳፉ ሰፊ ለሆነ እግርም ይመቻል። ቀረብ ብሎ ላየው፣ ሰማያዊው ክር በመጠን የተለያየ ማዕበል እየሠራ ከተረከዝ ወደ ጣት ይወርዳል፤ በጣት ሲዳሰስም ከተራ ፖሊስተር፣ ማለትም ከተለመደው የፕላስቲክ ክር፣ የሚለይበት ነገር የለም። መለየትም የለበትም፤ ክር ሆኖ ከወጣ በኋላ ፖሊስተር ያው ፖሊስተር ነው። ገዢ ማወቅ ያለበት፣ የባሕር ዳሩ ፕላስቲክ የሚገኘው በዋናነት በዚሁ የላይኛው ክፍል መሆኑን ነው። ከሥር ያለው ስፖንጅ መሰሉ ወፍራም ነጭ ክፍልና መሬት የሚነካው ጎማ የተለመዱት ናቸው።

በእውነት ከባሕር የወጣ ነገር መልበስ ለሚፈልግ ሰው ከጠርሙስ ይልቅ የመረብ ናይለን ይሻለዋል። የጣሊያኑ አኳፊል በስሎቬንያዋ ሉብሊያና እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ያረጀ የዓሣ መረብንና የወለል ምንጣፍን በኬሚካል እስከ መነሻ ንጥረ ነገሩ ድረስ አፍርሶ፣ ኢኮኒል የተባለውን ናይለን እንደ አዲስ ይሠራል። የብዙ ዋና ልብሶች ጨርቅ ይኸው ነው፤ ፕራዳም እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ ቦርሳ ይሠራበታል፣ ዋጋውን ባልጠራው ይሻላል።

ወደ ጃኬቱ ልመለስ። ስሙን የማልጠቅሰው አንድ አነስተኛ የኢንተርኔት ሱቅ የሚሸጠው የፍሊስ፣ ማለትም እንደ ሱፍ የለሰለሰ የፖሊስተር ጨርቅ፣ ጃኬት ሲሆን፣ ደረቱ ላይ የተሰፋው ጨርቅ «ከውቅያኖስ ፕላስቲክ የተሠራ» ይላል። በውስጥ በኩል፣ ጎን ላይ ባለችው የአጣጠብ መመሪያ ደግሞ በጥቃቅን ፊደል 30 በመቶ ብቻ መሆኑ ተጽፏል። ቀሪው ምን እንደሆነ ጽፌ ስጠይቅ፣ ከአራት ቀን በኋላ የመጣልኝ መልስ ቀሪውን ትቶ ስለ 30 በመቶው ብቻ የሚያብራራ ነበር፤ እሱም «ወደ ውቅያኖስ ሊገባ የሚችል» ፕላስቲክ እንደሆነ ነገሩኝ። ይህ ስያሜ በንግዱ ዓለም ብዙ ጊዜ የሚሰጠው፣ የቆሻሻ አሰባሰብ በደከመበት አገር ከባሕር ዳር እስከ 50 ኪሎ ሜትር ርቀት ውስጥ ለተገኘ ፕላስቲክ ነው። ባሕር አይቶ የማያውቅ ጠርሙስም «የውቅያኖስ» ተብሎ ሊሸጥ ይችላል ማለት ነው።

ከስያሜው በላይ ያሳሰበኝ ግን እጥበቱ ነው። ጃኬቱን መጀመሪያ ባጠብኩ ዕለት ከማድረቂያው ማጣሪያ ላይ ያነሳሁት ግራጫ ብናኝ ጭብጥ ይሞላ ነበር፤ በውኃው የሄደውን ደግሞ ማን ያየዋል? እ.ኤ.አ. በ2016 የእንግሊዙ ፕሊመዝ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ባወጡት ጥናት፣ 6 ኪሎ የፖሊስተር ልብስ አንድ ጊዜ ሲታጠብ ወደ 500,000 የሚጠጋ ጥቃቅን ክር ሊለቅ እንደሚችል ገምተዋል። ከለቀማ የተገኘ ፖሊስተርም ቢሆን ከዚህ አያመልጥም፤ ከባሕር ዳር የተነሳውን በልብስ ማጠቢያ በኩል አድቅቆ ወደ ባሕር መመለስ ይሆናል። ለዚህ ነው ይህን ፕላስቲክ በጫማ፣ በቦርሳና በቀበቶ ላይ የምደግፈው፣ ለፍሊስ ግን የማልመክረው። ጫማ ስንት ጊዜ ማሽን ውስጥ ይገባል?

ጫማው ሲያልቅ ያንኑ ዓይነት፣ በቅናሽ ካገኘሁ፣ ደግሜ እገዛለሁ። ጃኬቱን አንዴ ስላጠብኩት መመለስ አልቻልኩም፤ አሁን በረንዳ ላይ አናፍሰዋለሁ፣ ግድ ሲሆንም ክር በሚይዝ የማጠቢያ ከረጢት ከትቼ በቀዝቃዛ ውኃ፣ በክረምት ሁለት ጊዜ ብቻ አጥበዋለሁ።