ዜድኤፍኤስ ለትልቅ የቪዲዮ ክምችት፦ ከአንድ ዓመት በላይ ከተጠቀምንበት በኋላ

የሠርግ ቪዲዮ በሚሠራ ስቱዲዮ ውስጥ፣ ደንበኛ ከዓመታት በኋላ ተመልሶ ጥሬ ቀረጻውን መጠየቁ የተለመደ ነው። ስለዚህ ምንም ላለመሰረዝ ወስነን ስድስት ባለ 8 ቴራባይት ዲስኮችን ኡቡንቱ በተጫነበት አንድ ኮምፒዩተር ላይ ዜድኤፍኤስ በተባለው ፋይል ሲስተም (ፋይሎች በዲስክ ላይ የሚቀመጡበትን መንገድ የሚመራ ሶፍትዌር) አደራጀን። የመረጥነው ሬይድ-ዜድ 2 የተባለውን አደረጃጀት ሲሆን፣ ከስድስቱ ማናቸውም ሁለቱ ቢበላሹ መረጃው ይተርፋል። ዋጋው ግን የሁለት ዲስክ ቦታ ነው፤ ከ48 ቴራባይት ለሥራ የሚቀረው 32 ሲሆን፣ ኮምፒዩተሩ በራሱ አቆጣጠር ሲያሳየው 29 ገደማ ይሆናል።

ሌሎቹን የሊኑክስ ፋይል ሲስተሞች፣ ኤክስኤፍኤስንና ኢኤክስቲ4ን፣ የተውናቸው ደካሞች ስለሆኑ አይደለም። ኤክስኤፍኤስ በ1990ዎቹ መጀመሪያ በሲሊከን ግራፊክስ የተሠራ፣ ግዙፍ ፋይሎችን በፍጥነት በመጻፍ የተመሰገነ ፋይል ሲስተም ነው፤ ኤዲቲንግ በምንሠራበት ኮምፒዩተር ላይ ዛሬም የምንጠቀመው እርሱን ነው። ነገር ግን ሁለቱም ቼክሰም (መረጃው አለመለወጡን ለማረጋገጥ ከይዘቱ የሚሰላ ቁጥር) የሚይዙት ለራሳቸው የውስጥ መዝገብ እንጂ ለፋይሉ ይዘት ስላልሆነ፣ ዲስኩ ከቪዲዮው መሀል ጥቂት ባይቶችን ቢያበላሽና ስህተቱን ባያሳውቅ የተበላሸውን እንደ ደህና አድርገው ያስረክባሉ። ቢቲአርኤፍኤስ የተባለው ሌላ ፋይል ሲስተም ይዘቱንም ይፈትሻል፤ ሆኖም አንድ ወይም ሁለት ዲስክ ቢበላሽ መረጃውን የሚያተርፈውን የሬይድ 5 እና 6 አሠራሩን ገንቢዎቹ ራሳቸው ለቁም ነገር ሥራ ስለማይመክሩት አለፍነው።

ዜድኤፍኤስ እያንዳንዱን የመረጃ ክፍል ባነበበ ቁጥር ከቼክሰሙ ጋር ያመሳክራል፤ ካልገጠመ ትክክለኛውን ከቀሩት ዲስኮች አስልቶ ያወጣና የተበላሸውን በቦታው ያርማል። በየወሩ ደግሞ ስክረብ የተባለውን አጠቃላይ ፍተሻ እናስኬዳለን፤ ማታ ተጀምሮ በማግስቱ ረፋድ ላይ ያልቃል። በአንዱ ፍተሻ ማብቂያ ላይ የሁኔታ ሰንጠረዡን ስንከፍት፣ በአራተኛው ዲስክ አንጻር ባለው የመጨረሻ ዓምድ፣ የቼክሰም ስህተቶችን የሚቆጥረውና ዜሮ መሆን የሚገባው ቁጥር ከሃያ አልፎ አገኘነው፤ ከሥሩ ግን የጠፋ መረጃ እንደሌለ የሚገልጽ መስመር ነበር። ዲስኩን ከኮምፒዩተሩ ጋር የሚያገናኘውን የሳታ ገመድ ቀይረን ቆጣሪውን ካጸዳን በኋላ ቁጥሩ ዳግመኛ ከዜሮ አልተነሣም። በሌላ ፋይል ሲስተም ቢሆን ይህን የምንሰማው ምናልባት ከደንበኛ አፍ ነበር።

በአዲስ አበባ ለሚሠራ ሰው የመብራት ነገር የግድ ይነሣል። ዜድኤፍኤስ በነባሩ መረጃ ላይ ደርቦ አይጽፍም፤ አዲሱን በባዶ ቦታ ጽፎ ከጨረሰ በኋላ ብቻ ጠቋሚውን ወደ አዲሱ ያዞራል። በመሆኑም የዩፒኤሱ ባትሪ ደክሞ ማሽኑ በድንገት ሲጠፋ እየተገለበጠ የነበረው ፋይል ጅምር ሆኖ ይቀር እንደሆነ እንጂ ቀድሞ የተቀመጠው አይነካም፤ መብራት ሲመጣም ረጅም የዲስክ ጥገና መጠበቅ የለም። ተቋርጦ የነበረ ስክረብ እንኳ ካቆመበት ይቀጥላል።

ስናፕሾት (ፋይሎቹ በአንድ ቅጽበት የነበሩበትን ሁኔታ የሚይዝ ምስል) ቦታ የሚወስደው ከተነሣ በኋላ በተለወጠው ወይም በተሰረዘው መጠን ብቻ ስለሆነ፣ በየሰዓቱ ማንሣት አይከብድም። በስህተት የተሰረዘ አንድ ሙሉ የሠርግ ፎልደር በደቂቃዎች መልሰንበታል። መጭመቂያው ግን ለእኛ እምብዛም ነው፤ ከካሜራ የሚወጣው ቪዲዮ አስቀድሞ የተጨመቀ ስለሆነ ኤልዜድ4 የተባለው የመጭመቂያ ዘዴ የሚቆጥበው ከሞላ ጎደል ምንም ነው። ዜድኤፍኤስ ፋይልን ከፋፍሎ የሚጽፍበትን የክፍል መጠን ከተለመደው 128 ኪሎባይት ወደ 1 ሜጋባይት ማሳደጉ ለትላልቅ ፋይሎች የበለጠ ይጠቅማል።

ቅሬታም አለን። ሜሞሪ ይወዳል፤ ያገኘውን ራም ለንባብ ማፍጠኛ ስለሚይዝ፣ ሌላ ፕሮግራም በዚያው ማሽን ላይ የሚያስኬድ ሰው ገደብ ሊያበጅለት ይገባል። (ለ1 ቴራባይት 1 ጊጋባይት ራም ግድ ነው የሚለው ወሬ ግን ብዙ ሰው ያለ ምክንያት አስፈራርቷል፤ ተደጋጋሚ መረጃን የማስቀረቱን ተግባር እስካላበሩ ድረስ አያስጨንቅም።) በሰን ማይክሮሲስተምስ ሲለቀቅ የተሰጠው ፈቃድ ከሊኑክስ ፈቃድ ጋር ስለማይጣጣም ከከርነሉ (ከሊኑክስ እምብርት) ውጭ ቀርቷል። ኡቡንቱ ከ2016 ጀምሮ አዘጋጅቶ ያቀርበዋል፤ በሌሎች የሊኑክስ ስርጭቶች ግን ከርነል በታደሰ ቁጥር የዜድኤፍኤስ ሞጁል መነሣቱን ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

ከሁሉ የሚያስቸግረው ማስፋፋቱ ነው። በሬይድ-ዜድ ላይ አንድ ዲስክ ብቻ መጨመር የተቻለው በ2025 መጀመሪያ በወጣው ኦፕንዜድኤፍኤስ 2.3 ነው፤ ያም ቢሆን ነባሩ መረጃ እንደገና እስካልተጻፈ ድረስ የቀድሞውን የመረጃና የማትረፊያ ቦታ ምጥጥን ይዞ ይቆያል። ዲስክ አንድ በአንድ እየገዛ ለሚያድግ ስቱዲዮ ከመነሻው ማቀድ ይሻላል፤ ሲገዙም ኤስኤምአር የተባሉትን (የመጻፊያ መስመሮቻቸው የተደራረቡትን) የዲስክ ዓይነቶች መሸሽ ነው፤ የተበላሸ ዲስክ ተተክቶ መረጃው እንደገና ሲገነባ ከልክ በላይ ይዘገያሉ።

ሬይድ-ዜድ መጠባበቂያ ቅጂን አይተካም፤ ስርቆትንና እሳትን አይከላከልም። ስለዚህ በየሌሊቱ በሁለት ስናፕሾቶች መካከል የተለወጠውን ብቻ በሌላ ሰፈር ወዳለ ሁለተኛ ማሽን እንልካለን፤ ቀረጻ በሌለበት ሳምንት የሚሄደው ጥቂት ስለሆነ የቤት ኢንተርኔት ይበቃዋል፤ የሠርግ ወቅት ሲመጣ ግን ዲስክ በእጅ ይዞ መሄዱ ይፈጥናል።